ያጠፈ ይዝለልበት

ቆቦ ላይ የመንግሥት ውሳኔ ሁሉ የመጨረሻ ይግባኝ የሚታይበት ችሎት የኡሙልኸይር ሻይ ቤት ነበር። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም በወጣትነታቸው ከአውሮፕላን የዘለሉ የአየር ወለድ ወታደሮች። እንድሪስ የዝላይ መሪ ነበር፤ በአውሮፕላኑ በር ቆሞ የእያንዳንዱን ዘላይ ማሰሪያ በመዳፉ ዳስሶ፣ ትከሻውን መታ አድርጎ ወደ ባዶ አየር የሚያሰናብት ሰው። ካሳው ከተሰናባቾቹ አንዱ ነበር። የሺ ደግሞ ጃንጥላ አጣፊ ነበረች፤ ሁለቱም ሰማይ ላይ ተንጠልጥለው በሰላም የወረዱት በእሷ እጥፋትና በእሷ ስፌት ነው። ጦሩ ሲበተን ሦስቱም ወደ አገራቸው ገቡ። እንድሪስ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ሆነ፤ ካሳው ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል፤ የሺም በአስፋልቱ ዳር ባለች አንዲት የቆርቆሮ ቤት የከባድ መኪና ሸራ ትሰፋለች።

ችሎቱ የሚፈርድበት ሕግ አንድ አንቀጽ ብቻ ነበረው፤ እሱንም ከሠለጠኑበት ከደብረ ዘይት ይዘውት መጥተዋል። እዚያ ጃንጥላዎቹ ታጥፈው በመደርደሪያ ላይ ከተደረደሩ በኋላ አንድ መኮንን ድንገት ይገባና ከመካከላቸው አንዱን በዘንጉ ጠቆም ያደርጋል። «ይህን ማን አጠፈው?» ይላል። ያጠፈው ሰው ብድግ ይላል። «እንግዲያው ነገ አንተው ትዘልበታለህ።» ያጠፈ ይዝለልበት፤ ሥርዓቱ ይኸው ነበር። የሺ በዚህ መንገድ ደጋግማ ተጠርታ ዘላለች። በዚያ ክፍል ውስጥ እጁ የሚሰንፍ ሰው ያልነበረው ሁሉም ጻድቅ ስለሆነ ሳይሆን ነገ ማን እንደሚጠራ ስለማይታወቅ ነው።

«የውሃውን ታንከር የተረከበው ኃላፊ በግቢው የራሱ ጉድጓድ አለው አሉ» ይላል ካሳው ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ እያጋጨ። «ያጠፈ ይዝለልበት! እሱም ከቦኖው ይጠጣ!»

«የጤና ጣቢያውን ግድግዳ ያቆመው ተቋራጭ ምጥ የያዛት ሚስቱን አምጥቶ እዚያው ያስተኛት» ትላለች የሺ።

«አይ እናንተ!» ትላቸዋለች ኡሙልኸይር ሻይ እየቀዳች። «ከሰማይ ከዘለላችሁ ስንት ዘመናችሁ፤ እስከ ዛሬ መሬት አልደረሳችሁም።»

አሽከርካሪና ጋቢና የተቀመጠ ተሳፋሪ ሁሉ የደህንነት ቀበቶ ይሰር የሚለው ደንብ የወጣ ሰሞን ግን ችሎቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መንግሥትን አመሰገነ። ከሁሉ በላይ የተደሰተችው የሺ ነበረች። አንዲት ልጇ ትርሲት ጎብዬ ከተማ ታስተምራለች፤ በየማለዳው ከቆቦ ተነስታ በዚያ ጎዳና ትመላለሳለች። እናቲቱ ልጇ በማንኛውም መኪና እንድትሳፈር አትፈቅድም ነበር፤ የመረጠችላት የእንድሪስን ልጅ የነጅሙዲንን ሚኒባስ ነው። ነጅሙዲንን ባልደረቦቹ «ፈሪው» ይሉታል። ከፊቱ አህያ ካየ ከሩቁ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ግመል ካየማ ሞተሩን ያጠፋል ይባልለታል። ለየሺ ከዚህ የበለጠ የመንጃ ፈቃድ አልነበረም።

«አሁን ደግሞ ቀበቶ ተጨመረበት!» አለች። «ይኸው ሰው መሆን ጀመርን።»

«ግማሾቹ ሚኒባሶች ሲወለዱም ቀበቶ አልነበራቸውም እኮ» አለ ካሳው።

እንድሪስ ሻዩን አማሰለ፤ ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ማማሰሉን ቀጠለ።

በሳምንቱ እንድሪስ ወደ የሺ ቤት ብቅ አለ። «ለሚኒባሶቹ የፖርቶ መጋላ ዕቃ ማሰሪያ ስፊልን» አላት። «ቀላል ይሁን፤ የሚይዘው ሽንኩርት ነው። ጥቁር ቢሆን ይመረጣል።»

የሽንኩርት ኬሻ ስለ ማሰሪያው ቀለም ምን አገባው? ርዝመቱስ ከሰው ትከሻ እስከ ወገብ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? ይህን ማንኛዋም ልብስ ሰፊ ትጠይቅ ነበር። የሺ አልጠየቀችም። የዝላይ መሪ ቃል አይጠየቅም፤ በአውሮፕላን በር ቆሞ «ለምን?» የሚል ዘላይ ለራሱም ከኋላው ለተሰለፈውም ጠንቅ ነው። ይህ ልማድ በአጥንቷ ውስጥ ገብቶ ቀርቷልና እንድሪስ «ለሽንኩርት ነው» ካለ ለሽንኩርት ነው። ፀሐይ የበላው አሮጌ ሸራ ቀድዳ ማሰሪያዎቹን ሰፋች፤ ጫፋቸውንም እንደ ወትሮዋ በአራት ማዕዘን ስፌት ከብባ መካከሉን በመስቀለኛ ቋጨችው። ያ ስፌት ፊርማዋ ነበር። ደብረ ዘይት የተማረችው እንዲያ ነው፤ እጇ ሌላ አያውቅም።

አንድ ቀን ጎብዬ ላለ ነጋዴ ሸራ ልታደርስ ከልጇ ጋር በነጅሙዲን ሚኒባስ ተሳፈረች። ሁለቱም ጋቢና ተቀመጡ፤ የሺ በመስኮቱ በኩል፣ ትርሲት መካከል። መኪናው ከመናኸሪያው እንደ ወጣ የሺ የወንበሩን ጠርዝ ያዘች። ነጅሙዲን የሚነዳው እንደ ድሮው አልነበረም። አንዱን ጋሪ ለጥቂት አልፎ፣ ሌላውን በጡሩምባ አባርሮ የከተማዋን ጫፍ በአንድ ትንፋሽ ደረሰ። የትራፊክ ኬላው ሲታየው ፍጥነቱን ቀነሰና ከትከሻው በላይ በሚስማር የተመታ ጥቁር ማሰሪያ ጎትቶ በደረቱ ላይ አሳለፈ፤ ጫፉን ከጭኑ ሥር ወሸቀው። ትርሲትም ስለ ተማሪዎቿ ፈተና የጀመረችውን ወሬ ሳታቋርጥ ከወንበሯ ጀርባ ተመሳሳዩን ስባ እንዲሁ አደረገች። ትራፊኩ ጎንበስ ብሎ አየ፤ የየሺን ደረት ያቀፈችው ሸራ ጋርዶታል፤ በሁለቱ ደረት ላይ ጥቁር ነገር መኖሩን አረጋገጠ፤ እጁን አወዛውዞ አሳለፋቸው።

የሺ ወደ ልጇ ደረት ተመለከተች። አራት ማዕዘን፤ መካከሉ መስቀለኛ።

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ምኑን እማዬ?»

«ደረትሽ ላይ ያለውን!»

«ቀበቶው ነዋ። እስከ ኬላው ድረስ ነው፤ አሁን እፈታዋለሁ።»

የሺ በሁለት ጣቷ ሳብ አደረገችው። ማሰሪያው ከነሚስማሩ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ።

«አቁም!»

«እትዬ የሺ፣ እዚህ መቆም ክልክል ነው፤ ትራፊኩ ይቀጣኛል» አለ ነጅሙዲን።

«አቁም አልኩህ!»

ቆመ። ከኋላ ጫጫታው ተነሳ። «ኧረ ገበያው አለፈን!» አለች አንዲት ሴት። «ሚያድነው አላህ እንጂ ጨርቅ ነው እንዴ!» አሉ አንድ ሽማግሌ። የሺ ዞር ብላ «አላህማ ያድናል፤ እናንተ ግን በጨርቅ ልታታልሉት ነው!» አለቻቸው።

ነጅሙዲን ነገሩ አልገባውም። «አባቴ ነው ለሁላችንም ያደለን» አለ እየሳቀ። «እርስዎ የሰፉት እኮ ነው እትዬ። አያስፈራም፤ ትራፊክ አንድ ቀን ነክቶት አያውቅም። እሱን ካሰርን ወዲህማ መንገዱ ሁሉ የኛ ሆኗል።»

የሺ ወረደች። ልጇንም «ውረጂ» አለቻት። ትርሲት ተማሪዎቿ እንደሚጠብቋት ነግራት በሩን ዘጋች፤ የሷም ድምፅ ከእናቷ ያነሰ ቁጣ አልነበረውም። ሚኒባሱ አቧራውን አልብሷት በመንገዱ ላይ ወዳለችው ወደ ሮቢት ገሰገሰ። የሺ ሸራዋን ተሸክማ፣ ማሰሪያውን በእጇ ጨብጣ፣ ፀሐዩ ከዞብል ተራራ ላይ ገና ከፍ ሲል በመጣችበት ተመለሰች።

ሻይ ቤቱ ውስጥ እንድሪስና ካሳው ተቀምጠው ነበር። ማሰሪያውን በእንድሪስ ብርጭቆ ላይ ጣለችው።

«ይህ ምንድን ነው?»

እንድሪስ አየት አደረገው። «ማሰሪያ።»

«ምን የሚያስር?»

«ትራፊክ የሚያስር።»

ካሳው ሳቁ አመለጠው፤ የየሺን ፊት ሲያይ ግን ሳቁን ከሻዩ ጋር ዋጠው። «እኔማ ለሽንኩርቴ የተሰፋ መስሎኝ መርቄያችሁ ነበር» አለ።

«የሺ፣ ተቀመጪና ስሚኝ» አለ እንድሪስ። «ደንቡን ያወጡት ሰዎች መኪናቸው ከነቀበቶው ነው የተሠራው። የኛዎቹ ወንበራቸው እንኳ በብየዳ የቆመ ነው። ቀበቶ የሚሸጥ ሱቅ ከዚህ እስከ ደሴ አሳዪኝ። ደንብ ልከው ቀበቶ አልላኩም! ታዲያ ልጆቹ ሥራ ፈተው ይዋሉ? ደንቡ ቀበቶ ይታይ አለ፤ ይኸው ታየ። ወላሂ ማንንም አልጎዳሁም።»

«ማንም ያልተጎዳው ገና ስለሆነ ነው!»

«ድሮስ ያለ ቀበቶ ይነዱ አልነበር? እኔ ምን ጨመርኩ?»

«የጨመርከውን ልንገርህ።» የሺ አልተቀመጠችም። «ጃንጥላ የሌለው ሰው አይዘልም፣ እንድሪስ። በሩ ላይ ይቆምና ይፈራል፤ ፍርሃቱ ያድነዋል። የውሸት ጃንጥላ ያዘለው ግን ይዘላል። ልጅህ ፈሪ ነበር፤ ልጄን ያስረከብኩት ለፍርሃቱ ነው። ያን ፍርሃት ወስደህ በእኔ ጨርቅ ተካኸው። ውሃውንና ጤና ጣቢያውን እዚህ ተቀምጠን እያማን፣ ሦስተኛው ዳኛ ጎኔ ላይ ሆኖ ይህን ያስለብሳል!»

«እንግዲህ አንች ቁጣሽ—»

«ቁጣዬን ተወው! ለሽንኩርት ነው ብለኸኝ አልጠየቅሁህም። በዘመኔ ያልጠየቅሁት አንተን ብቻ ነው።»

የእንድሪስን መልስ የሺ አልጠበቀችም፤ በቀጥታ ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሄደች።

በር ላይ ጥበቃው ቦርሳዋን በረበረና መቀሷን አወጣ። «ስለት ይዞ መግባት አይቻልም፤ የጸጥታ መመሪያ ነው» አላት። መቀሷ ክር መቁረጫ፣ ጫፏ የደነዘዘ፣ ዕድሜዋ ከጥበቃው የሚበልጥ ነበረች። «ጎበዝ!» አለችው የሺ። «ይህች አገር ለመቀስ ጠባቂ አላት። ለውሸት ቀበቶስ ማን ተቀጠረ?» ጥበቃው መቀሷን በመሳቢያ ቆለፈባት።

ኃላፊው በፈገግታ ተቀበላት። የሰፋቻቸው እሷ መሆኗን ስትነግረው እንዲያውም ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጣት፤ ወረዳው በቀበቶ አፈጻጸም መቶ በመቶ ሆኖ ከዞኑ ምስጋና ማግኘቱን ነገራት።

«ክሰሱኝ» አለች የሺ።

«በምን ወንጀል እናቴ?»

«ሸራ ነው። ያውም ያረጀ። በሁለት ጣት ይነቀላል፤ ይኸው ጎትተው ይዩት!»

«መጎተት የእኛ ሥልጣን አይደለም፤ እሱ የቴክኒክ ምርመራ ነው» አለ ኃላፊው በትህትና። «እኛ የምንከታተለው ቀበቶ መኖሩን ነው። አለ። ቅሬታዎን ግን እናያለን።»

የሺ ስትወጣ እግሯ መሬት የረገጠ አይመስልም ነበር። በዕድሜዋ ብዙ ክፉ ሰዎች አይታለች፤ ክፉ ሰው ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ክፉን ይጣሉታል። ይህ ግን እየሳቀ፣ እናቴ እያለ፣ ልጇን በጨርቅ አስሮ በሪፖርት የላከ ሰው ነው። እንድሪስ ያውቃል፤ ትራፊኩ ያውቃል፤ ኃላፊው ያውቃል፤ ተሳፋሪውም ያውቃል። አንድ ከተማ ሙሉ ሰው በሚያውቀው ውሸት ማን ይከሰሳል? መቀሷን ከጥበቃው እጅ ነጥቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

በማግስቱ ማለዳ መናኸሪያው ገና ሲሞላ የሺ በነጅሙዲን ጋቢና ተቀምጣ ተገኘች። አንዱን ማሰሪያ በደረቷ ላይ አሳልፋ ጫፉን እንደ ሌላው ሰው ከጭኗ ሥር ወሽቃዋለች።

«ወደ ሜዳው ንዳ» አለችው። «የምትችለውን ያህል ታፈጥናለህ፤ እጄን ሳነሳ ፍሬኑን በሙሉ ኃይልህ ትረግጣለህ።»

«እትዬ፣ ምን ነካዎት? መስታወቱን ሰብረው ይወጣሉ እኮ!»

«ለምን? ቀበቶ አስሬ የለም እንዴ?»

ነጅሙዲን ሞተሩን አላስነሳም። ረዳቶቹ ተሰበሰቡ፤ ተሳፋሪው ከበባቸው። አንዱ «ሴትዮዋ ጤና የላትም» አለ፤ ሌላው «ኧረ እውነቷን ነው፤ ይሞከር!» አለ። ትርሲት በሕዝቡ መካከል ተሰንጥቃ መጣችና «እማዬ፣ አታዋርጅኝ፤ ውረጂ» ብላ በሩን ያዘች። የሺ አልወረደችም። ካሳው የቲማቲም ሳጥኖቹን በፖርቶ መጋላው ላይ እያስጫነ ስለነበር ከላይ ሆኖ «ቲማቲሜን ላውርድ ወይስ አብሬ ልሙት?» ሲል ጠየቀ፤ ግን ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

እንድሪስ እየሮጠ ደረሰ።

«የሺ፣ ውረጂ።»

«አልወርድም። ሥርዓቱን ታውቃለህ። የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ እዘልበታለሁ። መሪው አንተ ነህ። ፈትሽና አሰናብተኝ።»

«አልቀልድም እኔ!»

«እኔስ እቀልዳለሁ? ፈትሸኝ አልኩህ፣ ሃምሳ አለቃ!»

በዚህ ማዕረግ የጠራው ሰው ጦሩ ከተበተነ ወዲህ አልነበረም። እንድሪስ ሳያስበው ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ እጁን በመስኮቱ አስገባ። ከትከሻዋ ጀመረ፤ አውራ ጣቱን ከማሰሪያው ሥር አሳልፎ በደረቷ ላይ ወደ ታች ወረደ፤ ጣቶቹ የዱሮ መንገዳቸውን ያውቁት ነበር። ስፌቱ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። አራት ማዕዘን፤ መካከሉ መስቀለኛ። በዚህ ስፌት ተንጠልጥሎ ስንት ጊዜ ምድርን ከላይ አይቷል! ከዚያ በታች ጣቶቹ መቆለፊያውን ፈለጉ። ቁልፍ የለም። ጨርቁ ከጭኗ ሥር ገብቶ እዚያው ያልቃል።

«ጨረስክ?» አለች የሺ ወደ ፊት እየተመለከተች። «እንግዲያው ትከሻዬን ምታ።»

እጁን አነሳ። እጁ ከትከሻዋ በላይ ቆመ፤ ከዚያ አልወረደም። እንድሪስ በዘመኑ ሁሉ በእጁ ያላረጋገጠውን ትከሻ መትቶ አያውቅም፤ አሁንም እጁ አልታዘዝ አለው። ዓይኑ ከየሺ አልፎ በሩን ይዛ ወደ ቆመችው ወደ ትርሲት፣ ከዚያም መሪው ላይ ወዳለው ልጁ ሄደ።

«ያ አላህ» አለ በቀስታ። «ነጅሙዲን፣ ቁልፉን ወዲህ በል።»

ከየሺ ቦርሳ መቀሷን አወጣና ማሰሪያውን ከትከሻዋ ሥር ቆረጠው። ወደ ቀጣዩ ሚኒባስ ሄደ፤ የዚያንም ቆረጠ። ከዚያ ወደ ሌላው። ሾፌሮቹ እየተከተሉ ጮኹበት። «አያ እንድሪስ አበዱ እንዴ?» «ኬላውን በምን ልንሻገር ነው?» «ያሰሩን እርስዎ፣ የሚፈቱን እርስዎ!» ያች የደነዘዘች መቀስ እስከ ሰልፉ ጫፍ ደረሰች፤ ከዚያ እንድሪስ ለልጁ ቁልፉን መለሰለት።

ኬላው ላይ የሆነው እንደተፈራው ነው። ትናንት በጨርቅ ያለፉት ሚኒባሶች ዛሬ ያለ ጨርቅ ተሰልፈው ቆሙ። ትራፊኩ «ቀበቶ የት አለ?» አለ። እንድሪስ የማሰሪያውን ክምር ታቅፎ በእግሩ ደረሰ።

«ይኸውልህ። ትናንት ያሳለፍካቸው ናቸው። አንዱን ምረጥና አጥልቅ፤ ጋቢና ተቀመጥ፤ ልጄ በሚወደው ፍጥነት ሮቢት ድረስ ያንሸራሽርህ።»

ትራፊኩ ክምሩን አየ። ነጅሙዲንን አየ።

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ» አለ።

«እነሱስ?» አለች የሺ ከኋላ።

ትራፊኩ አልቀጣም፤ አላሳለፈምም። ወደ አለቃው ደወለ፤ አለቃው ወደ አለቃው ደወለ። ፀሐዩ በረታ። ተሳፋሪው በግራር ጥላ ሥር ተበተነ፤ የሺን የሚረግም አለ፤ የሚመርቃትም አለ። ትርሲት ከእናቷ ራቅ ብላ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ካሳው ከሳጥኖቹ የሚንጠባጠበውን እያየ «ለሕጋችን ስል ቲማቲሜ ድልህ ሆነ» ሲል አንጎራጎረ። እኩለ ቀን ሲሆን ቃል መጣ፤ ቀበቶ እስኪገኝ ድረስ ለጊዜው ቀስ ብለው ይለፉ ተባለ። ቀበቶውን ማን፣ ከየት፣ መቼ እንደሚያስገኝ የተናገረ ሰው የለም። ወረዳውም በሪፖርቱ ላይ መቶ በመቶ እንደሆነ ቀረ።

ወደ ማታ እንድሪስ ወደ የሺ ሱቅ መጣ። ክምሩን መሬት ላይ ጣለ፤ ቆመ። የሺ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም፤ ተቀመጥም አላለችውም። እሱም መሬቱ ላይ ተቀመጠና አንዱን ማሰሪያ አንስቶ የአራት ማዕዘኑን ስፌት በምላጭ መተርተር ጀመረ። ስፌቱ ጠንካራ ነበር፤ ጨርቁ ቀድሞት ይቀደዳል። የሺ ይህን በጆሮዋ ስትሰማ ቆየችና መኪናዋን አቁማ እሷም አንዱን አነሳች። ሲተረትሩ ትርሲት አቧራ ለብሳ ገባች፤ ቦርሳዋን ጥላ ግድግዳው ላይ ተደገፈች።

«ሁለተኛ ከነጅሙዲን ጋር አልሄድም» አለች።

ሁለቱም ቀና አሉ።

«ሰውየው እንደ ቀብር ሸኚ ነው የሚነዳው። ጥላውንም ይፈራል። ሮቢት ጋ እንጨት የጫነች አህያ ቀደመችን። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብን!»

የሺ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ከእግሯ ሥር ያለውን ክር ስትሰበስብ ቆየች። ከዚያ ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሳ በእግሯ በርጩማውን ወደ እንድሪስ ገፋችለት።